ሥሩን ሳታዩ «አበቃለት» አትበሉ

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩበት ስትከራከሩ ሰማኋችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ በስልክ ስላያችሁት የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታ ነበር። ዋንጫውን ይወስዳል ያላችሁት ቡድን በጥሎ ማለፉ ወድቋል። አንዱ «ይሄ ቡድን አበቃለት፣ ሁሉንም ሸጦ እንደ አዲስ መጀመር ነው» አለ። ሌላው «ዳኛው ነው የበላን» አለ። ዓይናችሁ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሰው ለሚወደው ነገር እንዲህ ሲንገበገብ ደስ ይለኛል። ግን ያን ሁሉ ስትጯጯሁ፣ ጨዋታው የት ላይ እንደተበላሸ አንዳችሁም አላነሳችሁም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በግብርና ባለሙያነት ነው። ጀማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም የአንድ አርሶ አደር ስንዴ ነሐሴ ላይ ቢጫ ሆነ። መሬቱ ዋልካ ነው። ዳር ቆሜ አየሁና «ዘሩ አይረባም፣ ለከርሞ ይቀየር» ብዬ ፈረድኩ። ሰውዬው ዝም ብለው ጎንበስ አሉ። አንዱን ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ጭቃው ይሸታል። «ልጄ፣ ውሃ ተኝቶበት እኮ ነው» አሉኝ። በዓመቱ ያንኑ ዘር ዘሩ። ውሃው የሚወጣበት ቦይ ግን አበጁለት። ስንዴው አማረ።

እናንተ ልጆች በነበራችሁበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ማያሚ ሂትን፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት ፍጻሜ፣ 3 ለ 2 ይመራ ነበር። በ6ኛው ጨዋታ 28 ሴኮንድ ሲቀር 94 ለ 89 እየመራ ነው። ከዚያ ማያሚዎች ሦስት ነጥብ አስቆጠሩ፤ የስፐርሱ የ21 ዓመት ልጅ ካዋይ ሌናርድም ከሁለት ነፃ ውርወራ አንዱን ሳተ። በመጨረሻው መከላከል የስፐርሱ ረጅሙ ቲም ደንካን የተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። ማያሚዎች የተመለሰውን ኳስ ለቀሙ፤ የእነሱው ሬይ አለን 5 ሴኮንድ ሲቀር ከጥግ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ አቻ አደረጋቸው። ስፐርስ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ፤ 7ኛውንም ተሸነፈ። ደንካን 37 ዓመቱ ነበርና «አርጅተዋል፣ አለቀላቸው» የሚል በዛ።

አሠልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ቡድኑን አላፈረሰም። ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ልምምድ ሲጀመር ያንን ሽንፈት በፊልም አሳያቸው። እንዴት እንደሚያም አስቡት! በ2014 ያንኑ ማያሚን 4 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። የፍጻሜው ኮከብ ማን ሆነ? ያ ነፃ ውርወራ የሳተው ልጅ፣ ካዋይ።

ሁሉም የተሸነፈ ቡድን እንዲህ ይነሳል እያልኩ አይደለም። የዳላስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በመደበኛው ውድድር 67 ጨዋታ አሸንፎ፣ 8ኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ በገባው ጎልደን ስቴት በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። ዋንጫ እስኪያነሳ 4 ዓመት ፈጀበት። በመደበኛው 82 ጨዋታ የተሸፈነ ቀዳዳ፣ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ 7 ጊዜ ስትገናኝ ይገለጣል። ተጋጣሚህ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ አንተን ብቻ ነው የሚያጠናው።

ስለዚህ እስቲ ንገሩኝ፤ የእናንተ ቡድን ምኑ ነው የተነካው? ሪባውንድ፣ ማለትም የተመለሰ ኳስ፣ አጥቶ ነው? ተቀያሪዎቹ ሲገቡ ነው የነጥብ ልዩነቱ የሚሰፋው? ወይስ ኮከቡ ተጎድቶ እያነከሰ ነበር? ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ይለያያል። ቅዳሜ እዚያው ቡና ቤት እመጣለሁ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፤ 4ኛውን ሩብ ከመጀመሪያው አብረን እናየዋለን።