የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከዲቴክተሩ በፊት ካርታው

ባለፈው እትም በኔቫዳ በረሃ ውስጥ ኦና ስለቀሩት የማዕድን ከተሞች ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ከመሬት ሥር ያለ ብረታ ብረት ስለሚጠቁመው ማሽን፣ ስለ ሜታል ዲቴክተር ይጠይቃሉ። እኔ ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። በእረፍት ቀኔ ግን ካርታና የድሮ ጋዜጣ ይዤ እነዚህን ከተሞች አስሳለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጋሼ፣ እዚሁ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። በቀደም ጓደኞቼ ኦና ወደቀረችው ወደ ሪዮላይት ከተማ ወሰዱኝ። ከባንኩ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው፤ ጠባቂ የሚባል አላየሁም። ዲቴክተር ገዝቼ ብመለስ ማን ይከለክለኛል? ያኔ ሕዝቡ ወርቅ በኪሱ ይዞ ነበር የሚዞረው አሉ።

ሕጉ ይከለክልሃል፣ ወንድሜ። ጠባቂ አለማየትህ ቦታው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ሪዮላይትን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ መሠረት በፌዴራል መሬት ላይ ያለ፣ 100 ዓመት የሞላው የሰው ሥራ ቅሪት ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፣ አይወሰድም። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 10 ሺህ ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ነው። የዕቃው ዋጋና የጉዳቱ ማስጠገኛ ከ500 ዶላር ካለፈ እጥፍ ይሆናል። የሪዮላይት ደግ ዘመን ከ1905 እስከ 1911 ስለነበረ ከዚያ ዘመን የቀረው ሁሉ 100 ዓመት አልፎታል። ከዚያ ትንሽ ነዳ ካደረግክ ደግሞ ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ትገባለህ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ያስቀጣል። መኪናህ ውስጥ ታሽጎ መቀመጥ አለበት።

ስለ ወርቁም የሰማኸው ልክ አይደለም። ወርቅ ፈላጊዎቹ ሾርቲ ሃሪስና ኤድ ክሮስ በ1904 እዚያ ያገኙት ወርቅ ድንጋይ ውስጥ የነበረ ነው። ተፈጭቶ ካልተጣራ አይወጣም። ሠራተኛው ደመወዙን ይቀበላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እናም ከመሬቱ ሥር ያለው የወርቅ እንክብል ሳይሆን ቁልፍ፣ ምስማር፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ አልፎ አልፎ ሳንቲም ነው። ከተማዋ ስትሞትም ሰዉ ዕቃውን ጥሎ አልሸሸም። የ1907ቱ የገንዘብ ቀውስ ባለሀብቱን አደረቀው፤ ትልቁ ማዕድን በ1911 ተዘጋ፤ በ1916 መብራቱ ጠፋ። ብዙ ቤቶች ተነስተው ጎረቤት ወዳለችው ወደ ቢቲ ተወሰዱ። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ እንኳ ተጭኖ ሄዷል።

ሂድ፣ እይ፣ ፎቶ አንሳ። በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ጠርሙሶች የተሠራውን የቶም ኬሊን ቤት ሳታይ እንዳትመለስ። መቆፈር ካማረህ የግል መሬት ፈልገህ ባለቤቱን በጽሑፍ አስፈቅድ። ኔቫዳ ውስጥ ከመቶ 80 ያህሉ መሬት የፌዴራል ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ብትቀጥል ጎልድፊልድ የግል ይዞታዎች አሉ። የየትኛው ቦታ ባለቤት ማን እንደሆነ የካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ መዝገብ ይነግርሃል። ጎልድፊልድ ከደረስክ አይቀር በ1906 ጥቁሩ የቀላል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ጆ ጋንስ ባትሊንግ ኔልሰንን 42 ዙር በፀሐይ ተቧቅሶ ያሸነፈው እዚያች ከተማ መሆኑን አስብ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር አስበዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። አሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት አሉ። ሟች ባለቤታቸው ያወረሷቸው ተራራ ላይ ያለ መሬት አላቸው። “ድሮ የማዕድን ሠፈር ነበረበት” ይሉኛል፤ ስሙን ግን አያስታውሱትም። እኔና ባለቤቴ በዲቴክተር ብናየው ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። ከየት እንጀምር?

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ዕድል ነው የገጠመሽ። ግን ሌላ ነገር ሳይነካ አንድ ነገር ላስቀድም። እሳቸው ደንበኛሽ ናቸው። ብዙ የእንክብካቤ ድርጅቶች ሠራተኛ ከደንበኛ ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ለድርጅትሽ አሳውቂ፤ ልጆቻቸውም ይወቁት። ከመሬቱ የሚወጣው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። እኔ ብሆን ሁሉም የእሳቸው ይሁን ብዬ እፈርማለሁ። ፍለጋው ራሱ ይበቃል።

ቀጥሎ ስልክሽን መቅረጫ ላይ አድርገሽ እሳቸውን አስወሪያቸው። ባለቤታቸው ያንን ጅረት ምን ይሉት ነበር? መንገዱ በየት በኩል ነበር? የአካባቢው ሰው ቦታውን በማን ስም ይጠራው ነበር? ሠፈሩ ስሙ ቢጠፋም የጅረቱ ስም አይጠፋም፤ ፍለጋሽን የምትጀምሪው ከዚያ ነው።

ከዚያ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ያሳተማቸውን የድሮ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ተመልከቺ። በነፃ ይወርዳሉ። ትንንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖቹ ቤቶች ናቸው፤ የተጠላለፉት ሁለት ዶማዎች የማዕድን ቦታን ያሳያሉ። የአንዱን ቦታ የተለያየ ዘመን ካርታ ጎን ለጎን ስታደርጊ ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ሲጠፉ ታያለሽ። ለትልልቅ ከተሞች ሳንቦርን የሚባል ኩባንያ ለእሳት መድን የሠራቸው ካርታዎች አሉ። በነሱ ላይ የጡብ ቤት ሮዝ፣ የእንጨት ቤት ቢጫ፣ የድንጋይ ቤት ሰማያዊ ነው። ያንቺ ግን ትንሽ ሠፈር ስለሆነ እዚያ ላታገኚው ትችያለሽ።

እኔ በጣም የምወደው የፖስታ ቤት መዝገብ ነው። ያኔ ፖስታ ቤት እንዲከፈት የሚጠይቅ ሰው ቦታው ከወንዙ፣ ከባቡሩና ከሌላው ፖስታ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ቅጽ ይሞላ ነበር። ብዙ ጊዜ በእጁ ንድፍ ይስላል። እነዚህ ቅጾች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ሌላው በድሮ እጅ ጽሑፍ የተሰመረ ንድፍ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኔን ግን ልቤን ይመታኛል።

የኮሎራዶ የድሮ ጋዜጦችም በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ። የሠፈሩን ስም ብቻ አትፈልጊ። የጅረቱን፣ የማዕድኑን፣ የሱቁን ባለቤት ስም ሞክሪ። የ1893ን ዓመት ልብ በይ። በዚያ ዓመት የብር ዋጋ ወድቆ የኮሎራዶ የብር ማዕድን ሠፈሮች በብዛት ባዶ ቀርተዋል። ሠፈራችሁ ከዚያ በኋላም በጋዜጣ እየተነሳ ከሆነ ወርቅ ወይም ሌላ ነገር ይዞት ነበር ማለት ነው።

መሬቱ ላይ ስትወጡ የመጀመሪያውን ቀን ዲቴክተሩን መኪና ውስጥ ተዉት። በእግራችሁ ዙሩ። ዳገት ላይ ሰው የደለደለው ጠፍጣፋ ቦታ፣ የመሠረት ድንጋይ፣ ብቻዋን የቆመች ሊላክ የምትባል የአበባ ቁጥቋጦ ፈልጉ። ሊላክ በተራራ ላይ ራሷ አትበቅልም፤ የተከላት ሰው አለ። ፀሐይ መትቶት ሐምራዊ የሆነ ስባሪ ጠርሙስ ካያችሁ ማንጋኒዝ ያለበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ይሆናል። ምስማሩንም እዩ። ጎኑ አራት ማዕዘን ከሆነ ከ1890ዎቹ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ክብ የሽቦ ምስማር ከዚያ ወዲህ ነው የተለመደው።

አንድ የግል ግጦሽ መሬት ላይ በባለቤቱ ፈቃድ ስፈልግ ጣት የማይሞላ የመዳብ ነገር አወጣሁ። ሳንቲም መስሎኝ ነበር። ጠራርጌ በማጉያ ሳየው ዙሪያውን የሌቪ ስትራውስ ኩባንያ ምልክት የተጻፈበት የሱሪ ሪቬት፣ ማለትም የኪስ ጥግ እንዳይቀደድ የሚመታ ትንሽ ብረት ነው። ሪቬት ያለው የሥራ ሱሪ ሐሳቡ የመጣው ከዚሁ ከኔቫዳ፣ ሬኖ ውስጥ ልብስ ሰፊ ከነበረው ከጃኮብ ዴቪስ ነው። ከሌቪ ስትራውስ ጋር የባለቤትነት ማረጋገጫውን ያገኙት በ1873 ነው። ይህ ሪቬት በገንዘብ ኢምንት ነው። ግን ከአንድ የድንጋይ ምድጃ ጥቂት እርምጃ ላይ፣ ከሁለት የአጥንት ቁልፎች ጋር ስለተገኘ ሰውየው ልብሱን የት ያጥብ እንደነበር ነገረኝ። ከኪሴ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ምንም አይነግረኝም ነበር። ስለዚህ ያገኛችሁትን ሁሉ ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ጥልቀቱን ለኩ፣ የጂፒኤስ ነጥቡን ደብተር ላይ ጻፉ። ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑ። ሳንቲም ካገኛችሁ እንዳትፈትጉት፤ ዋጋውንም መልኩንም ያጠፋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የትኛውን ማሽን ልግዛ? የጓደኛዬን ስሞክረው ምስማር ብቻ እየጮኸ አስመረረኝ።

ምስማሩ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፤ የኦና ሠፈር ጠባይ ነው። እንጨት ቤት ይቃጠላል ወይም ይበሰብሳል፣ ምስማሩ ግን በሺዎች መሬት ላይ ይቀራል። ዲቴክተር በታችኛው ክብ ሳህን በኩል ወደ መሬት የኤሌክትሮማግኔት መስክ ይልካል። ብረታ ብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ያ ደግሞ የራሱን መስክ ይመልሳል። ሳህኑ ትልቅ ከሆነ ምስማሩንና አጠገቡ ያለውን ሳንቲም በአንድ ላይ ያይና ምስማሩ ሳንቲሙን ይጋርደዋል። ስለዚህ ውድ ማሽን ከመግዛትህ በፊት ለጓደኛህ ማሽን ትንሽ ሳህን ግዛለት። ቀስ ብለህ አወዛውዘው። ምስማር የተቆራረጠ፣ ሻካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የብር ሳንቲም ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ ድምፅ አለው። ተጠራጠርክ? ዘጠና ዲግሪ ዞረህ በሌላ አቅጣጫ ሞክረው። ምስማር ብዙ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል ወይም ይለወጣል፤ ሳንቲም ከዚያም ከዚህም አንድ ነው።

በጥቂት መቶ ዶላር ጋሬት ወይም ማይንላብ የመሳሰሉት የሚያወጡት የጀማሪ ማሽን ይበቃሃል። ማዳመጫና በእጅ የሚያዝ ትንሹ መጠቆሚያ ግን አይቅሩብህ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ብቻ አትመን። የወርቅ ቀለበትና የቢራ ጣሳ መክፈቻ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጡት።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ በረሃ እየሄደ የድሮ ማዕድን ያስሳል። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልበለው? — እናት፣ ሄንደርሰን

እናቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ይህን መልስ እንዲያነበው ይስጡት።

ልጄ፣ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አትግባ። በሩ ላይ ቆመህ እንኳ አትይ፤ የጉድጓዱ አፍ ይናዳል። ውስጡ አየር የሌለበት ቦታ ይኖራል፣ ሳይፈነዳ የቀረ ዲናማይትም ይኖራል። ከድሮ የማዕድን ወፍጮ አጠገብ የተከመረው አመድ የመሰለ አፈር መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ዴላማር የምትባለዋ የኔቫዳ ከተማ “ባል ገዳይ” የተባለችው ከወፍጮው በሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሠራተኞቹ ሳንባቸው ተበልቶ ስላለቁባት ነው። ድሮ ጎጆ ውስጥ የአይጥ ኩስ ካየህ አትጥረግ፤ ሃንታ ቫይረስ የሚያሲዘው አቧራው ነው። ብቻህን አትሂድ። የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለእናትህ ጽፈህ ተው፤ ብዙው ቦታ ስልክ አይሠራም።

ዱባይ ነው የምሠራው። አያቴ መንደር የጣሊያን ምሽግ ነበረ ይላሉ። ዲቴክተር ገዝቼ አገር ቤት ይዤ ብገባስ? ደግሞስ እኛ አገር ኦና ከተማ አለ?

ወንድሜ፣ ተወው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ከሕጉ በላይ ደግሞ የጦር ሰፈር በነበረ ቦታ ዲቴክተር መጀመሪያ የሚጮኸው ለጥይትና ለቦምብ ነው። የዛገ ፈንጂ ሞቷል ብለህ እንዳታስብ።

ኦና ከተማ ግን አለን። ዳሎል። ጣሊያኖች ፖታሽ ለማውጣት ሠፈሩባት፤ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ የተነሳው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1918 እስከ አቅራቢያዋ ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እዚያ ሠርቷል። ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። ቤቶቹ ከጨው ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው አሁንም አለ፣ የዛጉ ማሽኖችም አሉ። ገንዘብህን ለዲቴክተር ከምታወጣው ለጉዞ አድርገው። በሕጋዊ አስጎብኚ ሂድና ካሜራ ይዘህ እይ።

ለመንደሩም ቢሆን የምትሠራው አለህ። አያትህን ወይም የቀሩትን ሽማግሌዎች በስልክ ቅረጽ። ምሽጉ የት ነበር፣ ማን ሠራው፣ ማን ሰበረው ብለህ ጠይቅ። በእርሻ ወቅት ሰዎች ያገኙት ነገር ካለ ሳይነካካ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቁ ንገራቸው። ፈንጂ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይጠጋው ወዲያው ለፖሊስ ይደወል።