ንብ፣ ሽንት ቤትና የእናንተ ጥያቄ

የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ትርፍ ጊዜዬን የምጨርሰው 9 ቀፎዎቼ ሥር ነው። የጤና ትምህርት ስሰጥ ስለ ንቦቼ አወራለሁ፣ ሰውም አያንቀላፋም። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር በተነሳ ቁጥር እደግመዋለሁ፣ ልመዱት።

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። የጤና ትምህርት እንዴት አስደሳች ይደረጋል?

መልስ፦ ስለ ምን? ለማን? የት? እሱን ጻፍና ተመለስ።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሽንት ቤት ስጀምር ሴቶቹ እንዝርታቸውን ያወጣሉ፣ ወንዶቹ ከብቶቻቸውን ያያሉ። እርስዎ ከንብ ጋር እንዴት ነው የሚያገናኙት?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ባዶ ቀፎ ይዤ እሄዳለሁ። አዙሬ አስሸትታቸዋለሁ። ሰም ሰም ይላል። «እዚህ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረ። ከቀበሌያችን ይበልጣል። ሽንት ቤታቸው የት ነው?» እላለሁ። ዝም። አንድ ጊዜ አንድ አባት «ማሩ ውስጥ እንዳትይኝ ብቻ!» አሉ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

ጤነኛ ሠራተኛ ንብ ቀፎ ውስጥ አትጸዳዳም። ይዛ ይዛ፣ ወጥታ እየበረረች ነው የምትለቀው። ቀፎ አጠገብ ነጠላ ያሰጣ ሰው ቢጫ ነጠብጣቡን ያውቀዋል። ይሄኔ ሁሉም «ለካ እሱ ነው!» ይላል። የሞተችውንም ጎትተው ያወጣሉ። ከዚያ እኔ ስለ ዝንብ እገባለሁ፦ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ብዙም አይመቻትም። በቃ። ሌላ መልእክት አልጨምርም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጅ (የትምህርት ርዕስ) ነበረ ብላችሁ 16ቱንም በአንድ ከሰዓት አታፍስሱት።

አንድ አባል፦ አውራዋስ? እሷም ትወጣለች?

ሌላ አባል፦ «አውራዋ» ምን ማለት ነው? እንቁላል የምትጥል አውራ የት አለች? ንግሥት በል።

አንድ አባል፦ አያቶቻችን አውራ ነው ያሉት። አንተ ከእነሱ በለጥህ?

ሌላ አባል፦ አያቶቻችን ከፍተው አላዩማ!

መልስ፦ ሌላ ቦታ ጨርሱት። (የእሷን ግን ሠራተኞቹ ያወጡላታል። ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኝ ነበር።)

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ወሩ ነው፣ ሳል ይዞታል። ንጹሕ የጫካ ማር ባቀምሰውስ?

መልስ፦ አይሆንም። መግቢያው ላይ ጻፍኩ እኮ። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፣ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል። ቤት ውስጥ ብታፈላውም አይጠፋም። ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰደው።

ጥያቄ፦ በጣት ጫፍ ብቻስ?

መልስ፦ አይሆንም!

ጥያቄ፦ ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ሐንስ ሮስሊንግ በ2007 እ.ኤ.አ. ቴድ መድረክ ላይ ሰይፍ ውጧል። እኛስ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገናል?

መልስ፦ ሰይፉን ተወው። እሱ የማይቻል የሚመስል ነገር እንደሚቻል ተናግሮ ነው የዋጠው። ንግግሩና ሰይፉ አንድ ነገር ነበሩ። ብዙዎቻችን ግን ቀልዱን እናስቀድምና መልእክቱን እንረሳለን። እኔም አንድ ጊዜ ንብ ያለበት ቀፎ ይዤ ሄጄ፣ ስለ እጅ መታጠብ ልናገር ሳለሁ ስብሰባው እግሬ አውጪኝ አለ። ንብ ይዛችሁ አትሂዱ። መነደፍ የሚገድለው ሰው አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ንብ አላውቅም፣ ኳስ ብቻ ነው የምወደው።

መልስ፦ ታዲያ የእኔን ንብ አትዋስ፣ ያስታውቅብሃል። ክትባት የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ ሰውነት ተጋጣሚውን ቀድሞ ያየዋል። ከዚያ ቀጥል።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን አዝናኝ ለማድረግ ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሰው ሳቀ እንበል። ሽንት ቤት ቆፈረ ወይ?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ትነሳኛለች። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ቡና በሚሉኝ ቤት ሁሉ እዞራለሁ። ጉድጓድ መኖሩን አልጠይቅም፣ ሁሉም «አለን» ይላል። ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ነው የማየው። ሣር ከበቀለበት ለጌጥ ነው። ከተረገጠና በሩ ላይ ውኃ ያለበት ጀሪካን ካለ ይጠቀሙበታል። እኚያ «ማሩ ውስጥ እንዳትይኝ» ያሉት አባት ጋ ሣሩ ጉልበቴ ድረስ ነበር። በሦስተኛው ጉብኝት ጀሪካን አየሁ። ከንቡ ይሁን ከንዝንዜ አልጠየቅኋቸውም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ነጠላው ላይ ያለው ቢጫ በምን ይለቃል?

መልስ፦ ሳይደርቅ በውኃና በሳሙና እሹት። ከቀፎም አርቃችሁ አስጡ። በሉ፣ ንቦቼን ላያቸው ልሂድ።