ላይሰንሰሯ በሩን ስታንኳኳ፦ ስለ ቤት ውስጥ ዴይኬር ፍተሻ ጥያቄና መልስ

ሲያትል አካባቢ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ለማውጣት የተነሱ እህቶች ስለ ፍተሻ እየደጋገሙ ሲጠይቁኝ፣ "በሉ ያላችሁን ሁሉ አንዴ ጠይቁኝ" አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ። የምናገረው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ብዙው ነገር ይመሳሰላል፤ ቁጥሩ ግን ይለያያልና የስቴታችሁን ደንብ እዩ።

በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣሉ? ደውለው ነው ወይስ ድንገት?

ቢያንስ በዓመት አንዴ። አይደውሉም። ያለ ማስጠንቀቂያ በዓመት አንዴ መፈተሽ እ.ኤ.አ. በ2014 በታደሰው የፌዴራል ሕግ ውስጥ አለ። እዚህ ላይሰንስ የሚሰጠውም የሚፈትሸውም ዲሲዋይኤፍ የሚባለው የስቴቱ የሕፃናት፣ የወጣቶችና የቤተሰብ መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ የምትላከዋን ፈታሽ ነው ላይሰንሰር የምንላት። ሰው ቅሬታ ካቀረበብሽ ደግሞ ከዓመታዊው ውጭ ይመጣሉ።

በሥራ ሰዓት ከመጡ ማስገባት ግዴታሽ ነው። "ልጆቹ ተኝተዋል፣ ነገ ተመለሱ" አይሠራም። መታወቂያ መጠየቅ ግን ትችያለሽ። እኔ ፊቷን የማውቃትንም ቢሆን አያለሁ።

የልጆቹን ምግብ ወጪ የሚደግፈው የፌዴራል የምግብ ፕሮግራም ውስጥ ካለሽ ሌላ እንግዳም አለሽ። ስፖንሰሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስተዳድርልሽ ድርጅት፣ በዓመት 3 ጊዜ ይመጣል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይነገርሽ ነው። እሱ ላይሰንሰር አይደለም። የምግብ ዝርዝርሽንና የልጆቹን ቁጥር ያያል።

የመጀመሪያ ፍተሻዬ ደርሷል። ቤቱን ሁለት ቀን ሙሉ ሳጸዳ ከረምኩ። በዋናነት የሚያዩት ምንድን ነው?

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ምንጣፍ አሳጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። ላይሰንሰሯ ገባች። መጋረጃዬን ዞር ብላም አላየችው። ሳሎኑ መሐል ተንበረከከችና እጇን ሶፋው ሥር ሰደደች። ስታወጣው መዳፏ ላይ አንዲት የሽምብራ ቆሎ አለች። እማዬ ማታ ቴሌቪዥን እያየች ስትቆረጥም የወደቀች ናት። ምንም ሳትናገር አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ያኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆነው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ልጅ ነበረኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ልጅ ሳይመጣ፣ ቤቱን እየዳህኩ እዞረዋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ቆመሽ የማታዪው ሁሉ ስትድሂ ይታይሻል። የመስኮቱ መሸፈኛ ገመድ ተንጠልጥሎ ነው? አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ሶኬቱ ክፍት ነው? ከሪሞት የወደቀች ክብ ባትሪ አለች? እሷ ከቆሎውም ትብሳለች፤ ከተዋጠች በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ታቃጥላለች።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ደግሞ ቦርሳ ነው። መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ጥሩ። ግን የረዳትሽ ቦርሳ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ ታይለኖል አለ። በላይሰንሰሯ ዓይን ያ ያልተቆለፈ መድኃኒት ነው።

ውሃውንም ይለካሉ። ልጆች የሚታጠቡበት ቧንቧ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት መብለጥ የለበትም። የውሃ ማሞቂያው 140 ላይ ከተቀመጠ ወደ 6 ሰከንድ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። 120 ላይ ግን ወደ 5 ደቂቃ ይወስዳል። አንዲት ቴርሞሜትር ገዝተሽ ራስሽ ለኪው። ፍሪጁ ደግሞ 41 ወይም ከዚያ በታች ይሁን።

ቤትሽ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ሊድ (መርዛማ የሆነው እርሳስ ብረት) ሊኖረው ይችላል። የተላጠ ቀለም ካለ ሳትፍቂው በፊት አማክሪ። መፋቁ አቧራውን ያባብሰዋል።

ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጄ ያሳደግሁ ነኝ። ሕፃን በሆዱ ሲተኛና በጋቢ ሲሸፈን ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ለምን ይከለክላሉ?

እትዬ፣ በእርስዎ ልምድ ላይ የምለው የለኝም። ልጆቹ ደህና አድገዋል፣ እግዜር ይመስገን። ግን እዚህ አገር በእንቅልፍ ላይ እያሉ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ነገር በብዙ ተጠንቷል። በ1994 "በጀርባ አስተኙ" የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሞቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ስለዚህ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ የተወጠረ አንሶላ ብቻ። ጋቢ፣ ትራስ፣ አሻንጉሊት የለም። ከበረደው እጅጌ ያለው ወይም እንደ ከረጢት የሚለበስ የመኝታ ልብስ ያድርጉለት። በመኪና ወንበር ላይ ተኝቶ ከመጣ ቢያለቅስም አውጥተው አልጋው ላይ ያስተኙት። በየ15 ደቂቃው ሄደው ያዩታል፤ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ፣ የፊቱን ቀለም። ዘመድ የሰጠዎት አሮጌ አልጋ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ አይጠቀሙበት። ያ ዓይነት ከ2011 ጀምሮ መሸጥም ተከልክሏል።

ጋቢውን እርስዎ ይልበሱት። ክረምቱ ይበርዳል።

የአጎቴ ልጅ በዲቪ መጥቶ ምድር ቤት ይኖራል። ልጆቹን አያገኛቸውም። እሱንም ይመለከተዋል?

ይመለከተዋል። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ከአሻራ ጋር የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ከ13 እስከ 15 ያሉትም ቀለል ያለ ማጣሪያ አላቸው፤ የራስሽ ልጅም ቢሆን። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ መቀበል ልማዳችን ነዋ። "ለሁለት ሳምንት ነው" ተብሎ የመጣ ዘመድ ዓመት ይቆያል። ከመምጣቱ በፊት ለላይሰንሰርሽ ንገሪ። እሷ ራሷ ደርሳበት ስታውቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ምድር ቤቱን ላይሰንስ ያልተሰጠው ቦታ ብለሽ ካስመዘገብሽው፣ በሥራ ሰዓት ልጆች የማይከፍቱት በር ይኑረው።

ባለቤቴ ዴይኬር አላት፣ እኔ ወረቀቱን ነው የምይዝላት። የትኛው ፋይል መጀመሪያ ይጠየቃል?

ጎበዝ ባል! እንዳንተ ያለ ይብዛ። የእኔ ላይሰንሰር ሁሌም የምትጀምረው ከልጆቹ የመግቢያና መውጫ ፊርማ ነው። ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ትቆጥራለች፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ትቆጥራለች። ካልገጠመ ቀኑ ይበላሻል። ስለዚህ ወላጅ ሲቸኩል "ግድ የለም፣ ማታ ትፈርሚያለሽ" አይባልም።

ቀጥሎ የልምምድ መዝገብ። የእሳት ልምምድ በየወሩ ይደረጋል። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ወይም በር ቆልፎ የመቆየት ልምምድ ደግሞ በየሦስት ወሩ። በ2001 የካቲት መጨረሻ ላይ ኒስኳሊ ላይ የደረሰውን 6.8 መንቀጥቀጥ እዚህ የነበሩ አይረሱትም። ለዚህም ነው ለ3 ቀን የሚበቃ ምግብ፣ ውሃና የልጆቹ መድኃኒት የሚጠየቀው።

አንድ ነገር ልንገርህ። የ12 ወር ልምምድ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ማታ ተቀምጦ የተሞላ ወረቀት ያስታውቃል። ላይሰንሰሮች ሞኝ አይደሉም። ያመለጠህ ወር ካለ ባዶ ተወውና እውነቱን ተናገር። ደግሞም የአራት ዓመት ልጅን "እሳት ሲነሳ የት እንሄዳለን?" ብላ ከጠየቀችው እሱ አይዋሽልህም። የእኔዎቹ በአንድ ድምፅ "ፖስታ ሣጥኑ ጋ!" ይላሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ተቀበልኩ። የክትባት ካርዱን አልቀበልም አሉኝ።

ቀኑን እዪው። በእኛ አቆጣጠር ይሆናል የተጻፈው። እኔም ደርሶብኛል። ጥር 2013 የተወለደ ልጅ ካርዱ ላይ 20/5/2013 ተብሎ ተጽፎ፣ ነርሷ ግንቦት 2013 ብላ አነበበችው። ልጁ በፈረንጆቹ ጥር 2021 ነው የተወለደው። ከመወለዱ ስምንት ዓመት ገደማ አስቀድሞ ተከትቧል ማለት ነው! ወላጆቹ ካርዱን ወደ ሐኪማቸው ይውሰዱት። ቀኑ ተቀይሮ በስቴቱ የክትባት ቅጽ ላይ በሕክምና ባለሙያ ይረጋገጥ። ዋናውን ካርድ አትጣሉ።

ኩፍኝን በተመለከተ እዚህ ጥብቅ ናቸው። በ2019 ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ፣ "በግል አመለካከቴ አላስከትብም" የሚለው ምክንያት ለኩፍኝ ክትባት ቀርቷል። አንቺና ረዳትሽም ማስረጃ ያስፈልጋችኋል።

በረኪና በደንብ ካበዛሁበት አይሻልም?

አይሻልም! ሲበዛ የልጆቹን ሳንባ ይጎዳል። መጀመሪያ በሳሙና ታጠቢያለሽ፣ ታለቀልቂያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው በረኪናው። ቆሻሻ ላይ የተረጨ በረኪና ሥራውን አይሠራም። ለምግብ ጠረጴዛ የሚሆነው ቀጭን ነው፣ ለዳይፐር መቀየሪያው ወፈር ያለ። መጠኑ በበረኪናው ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱን አንብቢ። ሽታ የተጨመረበትን አትግዢ። በየቀኑ አዲስ በጥብጪና ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነ ጻፊበት። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አታቀላቅዪው።

ቁንጥጫስ? ትንሽዬ።

ትንሽዬም የለም። ወላጅየው "ቆንጥጪው፣ ፈቅጃለሁ" ቢልሽም የለም። "ጅብ ይበላሃል" ብሎ ማስፈራራትም እንደዚያው ይቆጠራል። ይህ ከአፌ እስኪወጣ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እውነቴን ነው።

ጥፋት ካገኙ ወዲያው ይዘጉብኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አይዘጉም። የትኛውን ደንብ እንደጣስሽ፣ እንዴትና እስከ መቼ እንደምታስተካክዪ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጡሻል፤ ኮምፕላያንስ አግሪመንት ይባላል። ደንቦቹ እንደ አደጋቸው ክብደት አላቸው። የጎደለ ፊርማና ክፍት የመድኃኒት ሣጥን እኩል አይታዩም። ልጅን ወዲያው አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ግን አይታገሱም።

ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ። ካልተስማማሽ እንዲገመገምልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ግን ቀነ ገደቡ አጭር ነው። የቤት ዴይኬር ባለቤቶችን የሚወክለው ማኅበር፣ ኤስኢአይዩ 925፣ እንዲህ ባለ ነገር ያማክራል። ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ወላጅ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ወላጆች እዚያ ሳያነቡት በፊት ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ የቆሎዋን ታሪክ ለሁሉም ነግሬያለሁ። አንድም ልጅ አልወጣብኝም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ ብታስተረጉምልኝስ?

አይሆንም። ልጅሽ 12 ዓመቷ ነው፤ "ኮምፕላያንስ"ን በአማርኛ ምን ልትልሽ ነው? የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብልሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው፣ አትከፍዪበትም። ያልገባሽን ነገር ብቻ "የስ፣ የስ" እያልሽ አትለፊ።

በጾም ወተት አልሰጥም የሚሉ ወላጆች አሉኝ። የምግብ ፕሮግራሙ ወተት ግዴታ ነው ይላል።

ወላጁ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ በንጥረ ነገር ከላም ወተት ጋር የሚመጣጠን የአኩሪ አተር ወተት መስጠት ትችያለሽ። ሁሉም የአኩሪ አተር ወተት አይሆንም፣ ስፖንሰርሽን ዝርዝር ጠይቂ። ጤፍ ደግሞ እንደ ሙሉ እህል ይቆጠራል፣ እንጀራሽን አትፍሪ።

ቡና ማፍላትስ? ዕጣን? ያለ ቡና ከሰዓቱን አልችለውም።

አይ የኔ እህት፣ ይገባኛል። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ግን ዴይኬር ባይኖርሽም አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የዕጣንና የቡና ቁላ ጭስ አስም ላለበት ልጅ መጥፎ ነው። የፈላ ጀበና ደግሞ ረከቦት ላይ፣ ልክ በሚድህ ልጅ ቁመት ነው የሚቀመጠው።

እኔ ከሰዓት በክዳን ኩባያ የተቀዳ ቡና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ እጠጣለሁ። ጀበናዬ የሚወጣው የመጨረሻው ልጅ 5፡45 ላይ ተፈርሞለት ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ቀን ላይሰንሰሯ ልክ በዚያ ሰዓት ወረቀት ረስታ ተመለሰች። ጀበናውን አይታ፣ ልጅ እንደሌለ ዞራ አረጋግጣ፣ "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለች። ቁጭ አደረግኳትና እስከ ቶና ጠጣች።