ጻፊ፣ ጸሐፊ፣ ጸሐፌ

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከመሐል ሜዳ ነው። ጠያቂዋ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሥራ መደቤ ጸሐፊ ነው። በሬ ላይ ‹ፀሃፊ› የሚል ተለጥፏል። አያቴ ደግሞ ‹ጣፊ› ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ እውነተኛው ጸሐፊ ብራና ላይ የሚጽፍ ነው። ባልደረቦቼ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ ‹ወዮላችሁ ጻፎችና ፈሪሳውያን!› እያሉ ይስቁብኛል። ይሄ ሁሉ አንድ ቃል ነው? ከየት መጣ?»

እህቴ፣ አዎ፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው። ከአያትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ስህተት የለባቸውም።

የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው፤ ጸሐፈ። አማርኛ ቃሉን ሲወስድ መካከል ያለችውን ሐ ጣላት። እሷ ስትወድቅ ጸ ወደ ራብዕ ተዘረጋችና ጻፈ ሆነ። ሰሐበ ሳበ፣ መሐለ ማለ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ የገጠሩ አንደበት አንድ እርምጃ ጨመረና ጸን ወደ ጠ ለወጣት። ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት፣ መጽሐፍ መጣፍ ሆነ። መንዝና ተጉለት ውስጥ ሽማግሌ ሲያወራ «መጣፍ ገላጭ ዘንድ ሄደ»፣ «ክታብ አስጣፈ» ሲል ትሰሚያለሽ። ይህ የተበላሸ አማርኛ አይደለም። ቋንቋው በራሱ ሕግ የሄደበት መንገድ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ «ጣፍ» ስል አስተማሪ ቀጥቶኛል። ዛሬ ሳስበው፣ ቅጣቱ የተገባ አልነበረም።

ስለዚህ አማርኛ ሁለት መልክ ይዟል። ጻፊ (ወይም ጣፊ) ቤት ያደገው ነው። ጸሐፊ ደግሞ ግዕዝነቱን እንደያዘ የመጣው። ትርጉማቸው አንድ ሆኖ ሳለ አጠቃቀማችን ለያያቸው። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሰው ብዙዎቻችን «ማመልከቻ ጻፊ» እንለዋለን። የማኅበሩን ሰው ግን «የማኅበሩ ጸሐፊ» እንጂ «የማኅበሩ ጻፊ» አንለውም። ጻፊ ብለን እጁን እንጠራለን፤ ጸሐፊ ብለን ሹመቱን።

አያትሽ ወዳሉት ብራና ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በእኛ አገር ጸሐፊ ሲባል ለረጅም ዘመን የሚታሰበው ቁም ጸሐፊ ነበር። ቁም ጽሕፈት ማለት ፊደሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት የመጽሐፍ አጣጣል ነው። ሰውዬው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ብራናው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የደረቀ። መስመሩ በቀለም አይሰመርም። ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳና ያለ ቀለም ይጫራል። ብዕሩ ከመቃ የተቀረጸ ነው። ቀለሙ በቀንድ ይቀመጣል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ነው። አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። አዋቂ ሰው «የቀለም ቀንድ» ሲባል የምትሰሚው ያንን ቀንድ እያሰብሽ ስሚው።

ብዕርና ቀለም ራሳቸው ታሪክ አላቸው። በግዕዝ ብርዕ ማለት መቃ፣ ሸምበቆ ነው። አማርኛ ሁለቱን ፊደሎች አገላብጦ ብዕር አለው። ቀለም ደግሞ ከግሪኩ ካላሞስ ጋር አንድ ዘር ነው፤ እሱም ትርጉሙ ሸምበቆ ነው። በመጀመሪያ የሚጽፈውን መቃ ይጠራ ነበር፤ በኋላ መቃው የሚነከርበትን፤ ዛሬ ደግሞ ግድግዳ የሚቀባውን ሁሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁም ጸሐፊው የሚጽፈው የራሱን ሐሳብ አይደለም። ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ ይገለብጣል። ሐሳቡን ያመነጨው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደራሲ ይባላል። ጸሐፊ የሌላውን ቃል በአደራ ተቀብሎ ሳያጎድል የሚያኖር ነው። ለዚህ ምስክሬ በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የምናገኘው ጸሎት ነው፦

ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ፣ ኅቡረ ይምሐሮሙ እግዚአብሔር።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው፦ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ ቃሉንም የሰማውን በአንድነት እግዚአብሔር ይማራቸው። ተመልከቺ፣ ጻፊው ከሁሉ ቀድሞ ተጠርቷል። ቀጥሎ ከፍሎ ያስጻፈው። ደራሲው ግን የለበትም። አያትሽ ለጸሐፊ ያላቸው ክብር የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ልብ ወለድ የደረሰውን ሰው «ጸሐፊ» ስንል ቃሉን ከእጅ ወደ አእምሮ አሻግረነዋል። ስህተት አልለውም፤ ቃል ይሄዳል። ግን ደራሲ የሚል ጥሩ ስም እያለ መተዉ ያሳዝነኛል።

ቃሉ ቤተ መንግሥትም ገብቷል። የንጉሡን ትእዛዝ የሚጽፈውና ማኅተም የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ይባል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የንጉሡን ታሪክ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድም ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። እጅን ብቻ የሚጠራ ቃል እስከዚህ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር ያዢልኝ። ጸሐፊ የነበረው ጸሐፌ የሆነው ከኋላው ካለው ስም ጋር ስለተናበበ፣ ማለትም ተያይዞ እንደ አንድ ስለተነበበ ነው። ስለዚህ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ጸሐፌ ተውኔት ነው የሚባለው። «ጸሐፊ ተውኔት» የሚል ፖስተር ባየሁ ቁጥር ጣቴ እርሳስ ይፈልጋል። ብዙውም ጸሐፍት ወይም ጸሐፊዎች ነው። «ጸሐፍቶች» ካልሽ ሁለት ጊዜ አበዛሽው፤ እንደ «መጻሕፍቶች» ማለት ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጻፎችና ፈሪሳውያን» ይላል። ጻፎች የጻፊ ብዙ ቁጥር ነው፤ ተርጓሚዎቹ የአፍ አማርኛውን መረጡ። የግዕዙ ወንጌል ጸሐፍት ይላቸዋል። ሰዎቹ ግን ዝም ብለው የሚገለብጡ አልነበሩም። የሙሴን ሕግ የሚያጠኑ፣ የሚያስተምሩ፣ በሕግ ጉዳይ የሚጠየቁ ሊቃውንት ነበሩ። የእነሱ አባት የሚባለው ዕዝራ ነው፤ መጽሐፉ በሙሴ ሕግ ፈጣን ጸሐፊ እንደነበረ ይናገራል።

የዕብራይስጡ ስማቸው ሶፌር ነው። ሥሩ መቁጠር ማለት ነው። ይህንን ሥር አንቺም ታውቂዋለሽ። ገበያ ላይ እህል ሰፈረ እንላለን፤ መስፈሪያ እንላለን፤ የበዛ ነገር ሲያጋጥመን «ስፍር ቁጥር የለውም» እንላለን። የሁሉም ዘር አንድ ነው። ግሪኩ ደግሞ ግራማቴውስ አላቸው፤ ግራማ ፊደል ነው። ላቲኑ ስክሪባ ይላል፤ መጫር፣ መቧጨር ከሚል ግሥ የወጣ ነው። የእንግሊዝኛው ስክራይብ ልጁ ነው። በእጅሽ ያለው እስክሪብቶም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አስቢው፤ አንዱ ሕዝብ መቁጠሩን አየ፣ አንዱ ፊደሉን፣ አንዱ ጭረቱን። ሙያው ያው ነው።

እንግዲህ ሲያበሽቁሽ ማርቆስ ምዕራፍ 12ን አንብቢላቸው። ከጻፎች አንዱ ከትእዛዝ ሁሉ የትኛው እንደሚበልጥ ኢየሱስን ጠየቀ። መልሱን በማስተዋል ስለተቀበለም «አንተ ከእግዚአብሔር መንግሥት የራቅህ አይደለህም» ተባለ። ወዮታው በግብዝነት ላይ ነው፤ በጽሕፈት ላይ አይደለም።

ግዕዝ ለምን ጸሐፈን ያዘ? ዕብራይስጥ፣ ሶርስት (የጥንት ሶርያውያን ቋንቋ) እና ዓረብኛ «ጻፈ» ለማለት ከተበን ነው የሚያውቁት። ግዕዝም ከተበ አለው፤ እኛ ዘንድ ክታብ ውስጥና ክትባት ውስጥ ይኖራል። ክትባት ቆዳን እንደ ብራና መጫር ስለሆነ ስሙ ደስ ይለኛል። ለመጽሐፍ ሥራ ግን የእኛዎቹ ጸሐፈን መረጡ። ይህ ሥር በደቡብ ዓረብ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፎችም ይገኛል። ቃሉ ባሕርም ተሻግሯል። ወደ ይፋት ብትወርጂ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቁርኣኑን ሙስሐፍ ሲሉት ትሰሚያለሽ። ብዙ የሴም ቋንቋ አጥኚዎች ዓረብኛ ይህንን ቃል ከግዕዙ መጽሐፍ እንደወሰደው ይናገራሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። መጽሔት ከጸሐፈ የመጣ ይመስላል። አይደለም። በግዕዝ መጽሔት መስተዋት ነው። የጽሑፍ መስተዋት ብለን ለኅትመት አዋስነው እንጂ ዘመዱ አይደለም። ጽሕፈት ቤት ግን የዚህ ቤተሰብ ነው። በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ «ጽ/ቤት» ስታዪ የሥራሽ ስም በምህጻር የተጻፈ ነው ማለት ነው። ቤቱ የተሰየመው በአንቺ ሙያ ነው፤ በኃላፊው አይደለም።

የቀረው በርሽ ነው። ቃሉ በፀሐዩ ፀ አይጻፍም፤ በጸሎቱ ጸ ነው። ሃም አይደለም፤ ሐመሩ ሐ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ብትገልጪ በዚሁ ፊደል ታገኚዋለሽ። ወረቀቱ ሲያረጅና ሲቀየር «ጸሐፊ» ብለሽ ራስሽ ጻፊው። አያትሽ መጥተው ካዩት «ጣፊ» ብለው ያንብቡት፤ እንዳታርሚያቸው።