የባቄላው ጠቃጠቆ ፋቤ ነው ሲኔሪያ? ለጠየቅኸው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፤ ባቄላህን ያጠቃው ከሁለቱ የቦትራይቲስ ፈንገስ ዝርያዎች፣ ከፋቤና ከሲኔሪያ፣ የትኛው ነው ነው ያልከው። ከአዴት በኩል ያመጣኸው የባቄላ ቅጠል ቡናማ ጠቃጠቆ አለው፤ ሚዲያ (የፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ስታሳድገው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ግራጫ ሆነብህ፤ ግራጫውን በአይቲኤስ (ፈንገስ ለመለየት በሚነበበው የዲኤንኤ ቁራጭ) ሲኩዌንስ አስደርገህ ውጤቱ ዝርያውን ሳይለይ "ቦትራይቲስ" ብሎ ዝም አለህ። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በዚህ ነገር አንድ ክረምት ሙሉ ተንከራትቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ናሙናውን በምን አመጣኸው? እኔ ያኔ በፌስታል ቋጥሬ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር አድርጌ ነበር ያመጣሁት። ስደርስ ቅጠሉ አልቦት፣ ተልፈስፍሶ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። እንደዚያ ከሆነ ፕሌቱ (የማሳደጊያው ሳህን) ላይ የሚወጣልህ የሞተ ቅጠል የሚበላው ሁሉ ነው። አሁን በጋዜጣ ጠቅልዬ ካኪ ፖስታ ውስጥ ነው የምይዘው፣ በዚያው ቀን ካልደረስኩበት ፍሪጅ ውስጥ ያድራል።

ስትቆርጥ የጠቃጠቆውን መሃል ተወው። መሃሉ የሞተ ነው። ጠርዙን፣ ግማሹ ቡናማ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ቁረጥ፣ ያውም ገና ካልሰፋ አዲስ ነጠብጣብ ላይ። ቀጠን ባለ በረኪና አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሦስቴ ማጠብ ነው።

ሌላው የከተማችን ሙቀት ነው። ቦትራይቲስ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ትተኸው ከሄድክ ሙቀት የሚወዱት ይቀድሙታል። ያ ጥቁሩ ባላየውም አልተርናሪያ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ይመስለኛል። እኔ አንድ ወር ሙሉ በሽታው አልተርናሪያ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ከርሜ፣ በኋላ ጤነኛ ቅጠል ላይ ባደርገው ምንም! አንድ ገበሬ አባት ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ "ይሄ ባቄላው ሲያብብ ጉም ከሰነበተበት ባንድ ሌሊት የሚያጠቁረው ነው" ብለው። አልሰማኋቸውም እንጂ የቸኮሌት ስፖትን፣ ቦትራይቲስ የሚያመጣውን ቡናማ ጠቃጠቆ በሽታ፣ ጠባይ ነበር የነገሩኝ።

አሁን ወደ ዝርያው። አይቲኤስ ቦትራይቲስን ከቦትራይቲስ ለመለየት ደካማ ነው፣ ላቦራቶሪው አልበደለህም። ገንዘብ ካለህ ጂ3ፒዲኤች፣ ኤችኤስፒ60 እና አርፒቢ2 የሚባሉትን ጂኖች አስደርግ። ከሌለህ ማይክሮስኮፕ ይበቃሃል ባይባልም ብዙ ይነግርሃል። የፋቤ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ደቂቅ ዘር) ትልቅ ነው፣ ርዝመቱ ወደ 20 ማይክሮሜትር ይጠጋል፣ የሲኔሪያ 10 አካባቢ ነው። አንድ ሁለት አይተህ አትፍረድ፣ ሃምሳ ያህል ለካ። ስክለሮሺያውም (ፈንገሱ የሚሠራው ጠንካራ ጥቁር እንክብል) ይለያያል፦ የፋቤ ጥቃቅንና ብዙ፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ፣ የሲኔሪያ ደግሞ ጎላ ጎላ ያለ። ችግሩ ፋቤ ሚዲያ ላይ ስፖር መስጠት ይሰስታል። የባቄላ ቅጠል ጭማቂ የገባበት አጋር (ጄሊ መሳይ ሚዲያ) ላይ አድርገህ መስኮት አጠገብ ብርሃን ስጠው፣ እኔን የረዳኝ እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ቅጠሉን ነው። ጤነኛ የባቄላ ቅጠል ቀጥፈህ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ አጋድመህ፣ የስፖር ጠብታ አድርግበትና ክደነው። ፋቤ ከሆነ በጥቂት ቀን ነጠብጣቡ እየሰፋ ይያያዛል። ሲኔሪያ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቆማል፣ እሱ ያረጀ ቅጠልና አበባ ላይ ነው የሚበረታው። ውሃ ብቻ የተንጠባጠበበት ቅጠል ከጎኑ ማስቀመጥ አትርሳ። ከታመመው ቅጠል መልሰህ አውጥተህ ያው ፈንገስ ከመጣልህ፣ ያኔ ስሙን ጻፍ።

ናሙናህ ሁሉ ቸኮሌት ስፖት ላይሆንም ይችላል። በእጅ ሌንስ እይ። መሃሉ ግራጫ ሆኖ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉበት አስኮካይታ የሚባለው ሌላ የፈንገስ በሽታ ነው። ጣትህን ዝገት መሳይ ዱቄት ከቀባህ ዋግ ነው። ቅጠሉ ጎርበጥበጥ ብሎ እባጭ ካወጣ ደግሞ ቆርምድ ነው፤ የእሱንማ አምጪ ለዓመታት ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ስንል ኖረን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የጂን ጥናት ፊዞደርማ ነው አለን። ዋግና ቆርምድ ሕይወት ያለው ተክል ካላገኙ አያድጉም፣ ፕሌት ላይ ዘርተህ ብትጠብቅ የሚወጣልህ ሌላ እንግዳ ነው። እኔ ጠብቄያለሁ፣ ስለዚህ አትሳቅብኝ።

ስክለሮሺያው ሲወጣልህ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ካልታየህ አትደንግጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንኩቤተሩን እየከፈትክ አትይ እንጂ።