የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጡብ ማሞቂያዬ ያጨሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደሴን ብርድ ባልችለው ሳሎን ውስጥ በእንጨት የሚነድ የጡብ ማሞቂያ ገነባሁ። ጭሱ በጡቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ በባለ 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ይወጣል። ጠዋት ስለኩሰው ጭሱ ቤት ይሞላል። ከማንደጃው በላይ ያለው ጡብም ተሰንጥቋል። ምን ላድርግ? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የታነቀው የቱ ጋ እንደሆነ ይለዩ። በቱቦው ግርጌ ባለው የጥላሸት መጥረጊያ በር ሁለት ገጽ ጋዜጣ ጨምድደው ያንድዱ (በሩ ከሌለ ሳይውል ሳያድር ያሠሩ)። ነበልባሉ ሽቅብ ከተሳበ ቱቦው ደህና ነው፤ የጡቡ መተላለፊያ ጠቧል ወይም ጥላሸት ሞልቶታል ማለት ነው። ጭሱ ወደ ፊትዎ ከተመለሰ ጥፋቱ የቱቦው ነው።

እኛ የጠረጠርነው ቱቦውን ነው። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱቦ የመሳብ ጉልበቱ ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ወፍራምና ረጅም ይሁን። ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩ ከባለ 10ሩ ከእጥፍ በላይ ያሳልፋል። ከማንደጃው እስከ አናቱ 5 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይውጣና ከጣሪያው አናት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ከክፈፍ ሥር የቀረ ቱቦ ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጣሪያውን ሲያልፍ ግን ከእንጨቱም ከአቡጀዲ ኮርኒሱም 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

የጠዋቱ ጭስ ሌላም ምክንያት አለው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ጡብ ጭሱን ቱቦው ጋ ሳይደርስ ያበርደዋል፤ የበረደ ጭስ ደግሞ አይወጣም። ከማንደጃው አናት በቀጥታ ወደ ቱቦው የሚያስገባ፣ በላሜራ የሚዘጋ አቋራጭ ያብጁለት። ሲለኩሱ ክፍት ይሁን፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይዝጉት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ካነደዱ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ማንደጃው በሲሚንቶ ተገንብቶ ከማሞቂያው የውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ሲሚንቶ እሳት ሲበዛበት ይፈረፈራል፤ የጋለው ማንደጃም ሲለጠጥ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ማንደጃውን አፍርሰው በተነፋ የሸክላ አፈርና አሸዋ ያስገንቡት፦ አንድ እጅ አፈር፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ አሸዋ። ከጭቃው ጣት የምታክል ቁራጭ አድርቀው ይሞክሩ፤ ከተሰነጠቀች አሸዋ ይጨምሩ፤ በጣት ሲያሿት ከፈረሰች አፈር። በማንደጃውና በውጩ ግድግዳ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ሥራው ሲያልቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት በጭራሮ ብቻ ያሟሙቁት።

ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብለው ፍም እያለ ቱቦውን አይክደኑ። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ይህን ማሞቂያ ኮምቦልቻ ባሠራስ?

መልስ፦ ባይሠሩት ይሻላል። ጡቡ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጃል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል የሚቸግረው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢሆን ነው። የበሩንና የመስኮቱን ቀዳዳ ያስደፍኑ።