«እንዲሁ ወዶአልና» ማለት «በነጻ ወደደ» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዮሐንስ 3፥16 «እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» ይላል። ሰባኪያችን «እንዲሁ ማለት ያለ ምክንያት፣ በነጻ ማለት ነው» ብለው አስተማሩን። የሥራ ባልደረባዬ ግን «የለም፣ በዚህ ዓይነት ማለት ነው» ብሎ ሞገተኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቃሉ ፍቺ ባልደረባዎ ልክ ነው። ሰባኪው ደግሞ ያስተማሩት እውነት ነው፤ ግን ያ እውነት የተጻፈው ሌላ ጥቅስ ላይ ነው።

የሰባኪው አፈታት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጅ ጥግ ይዞ ሲያኮርፍ «ምን ሆነህ ነው?» ብንለው «እንዲሁ» ይለናል። ዘመድ ቤት ሄደን «ምነው፣ በሰላም?» ስንባል «እንዲሁ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው» እንላለን። ምክንያት የለኝም፣ ጉዳይ የለኝም ማለታችን ነው። የዛሬ ጆሮ ይህን ስለለመደ ጥቅሱንም በዚያው ይሰማዋል።

እስቲ እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ከፍ ይበሉ። ቁጥር 14 «ሙሴም በምድረ በዳ እባብን እንደ ሰቀለ እንዲሁ» ብሎ ይጀምርና የሰው ልጅም ሊሰቀል እንደሚገባው ይናገራል። እዚህ ላይ «በነጻ» ብለን እናንብብ ብንል ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። «እንደ» እና «እንዲሁ» ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ እንደዚያ ሁሉ እንዲህም ማለት ነው። ግሪኩ በቁጥር 14ም በቁጥር 16ም ያለው አንድ ቃል ነው፣ «ሁቶስ»፤ «እንዲህ፣ በዚህ ዓይነት» ማለት ነው። ግዕዙም «ከመዝ አፍቀሮ እግዚአብሔር ለዓለም» ይላል። «ከመዝ» እንደዚህ ነው።

ታዲያ ተርጓሚዎቹ «በነጻ» ማለት ሲፈልጉ ምን አሉ? «እንዲያው» አሉ። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ሮሜ 3፥24 ላይ «እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» የሚል ያገኛሉ። «እንዲሁ» እና «እንዲያው» በየቦታቸው ነበሩ። የደባለቅናቸው እኛ ነን፣ በአፋችን። በማቴዎስ 10፥8 ለዚሁ ለነጻ ስጦታ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላል፤ ዛሬ «ከንቱ» የሚባለው ዋጋ ቢስ ነገር ስለሆነ ያንንም ብዙ ሰው ይደናገርበታል።

«ልዩነቱ ምን ያመጣል?» ይሉኝ ይሆናል። ለእኔ ብዙ ያመጣል። «እንዲህ» እጅ የሚፈልግ ቃል ነው። «ልጅሽ አደገ?» ስንላት እናት መዳፏን ከወለሉ ከፍ አድርጋ «እንዲህ ሆኗል!» ትላለች። እጇን ካላየን የነገረችን ነገር የለም። በዮሐንስ 3፥16 ላይ ያ እጅ «አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ» የሚለው ነው። ቃሉ ወደ ስጦታው ይጠቁማል። ያ ፍቅር መልኩ ምን ይመስላል ቢሉ፣ መስጠት ነው፤ ያውም ያለውን አንድ ልጅ። «ያለ ምክንያት» ብለን ከፈታነው ግን ዓይናችን ወደ ስጦታው መሄዱን ይተዋል። አንዳንዴ «እንዲሁ ወደደን» ብቻ ተብሎ ሲያልቅ የምሰማው ለዚህ ይመስለኛል። «እስኪሰጥ ድረስ» ቀርቷል።

የሰው መልስም የሚንጠለጠለው እዚሁ ቃል ላይ ነው። 1ኛ ዮሐንስ 4፥11 «እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ከወደደን እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን ልንዋደድ ይገባናል» ይላል። ግሪኩ ያው «ሁቶስ» ነው። ተርጓሚዎቹ እዚህ ጋ «እንዲህ አድርጎ» ብለው ገልጠው ስለጻፉት የሚሳሳት የለም። አድራጎቱ ካልታየ ደግሞ ምን እንደምንመልስ አይታወቅም። በዚያው መልእክት 3፥16 እርሱ ነፍሱን አሳልፎ ስለ ሰጠ እኛም ስለ ወንድሞቻችን እንድንሰጥ ይገባናል ይላል። እንዲህ ወደደ፤ እንዲህ ውደዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግዕዙ «አፍቀረ» ሲል አማርኛው «ወደደ» ማለቱ ደስ ይለኛል። ዛሬ «አፈቀረ» ሲባል ጆሯችን ቶሎ ወደ ወንድና ሴት ፍቅር ይሄዳል። «ወደደ» ግን ፈቃድም አለበት። «ወድጄ መሰለህ?» እንላለን፣ «ሳይወድ በግድ» እንላለን፣ በፈቃዱ የዘመተውን «ወዶ ዘማች» እንለዋለን። ስለዚህ «ዓለሙን ወዶአል» ሲባል በአማርኛ ጆሮ ሁለቱም አሉበት፤ አፈቀረ፣ ደግሞም ማንም ሳያስገድደው ፈቀደ። የሰውም መልስ በግድ አይሆንም።

ሰባኪዎን ሲያገኟቸው ለዚያ ስብከት ራእይ 22፥17 እንደሚሻላቸው በእኔ ስም ይንገሩልኝ። «የወደደም የሕይወትን ውኃ እንዲያው ይውሰድ» ይላል። እዚያ ላይ «የወደደ» ማለት የፈለገ፣ «እንዲያው» ማለት በነጻ ነው።